አንዲት ወረቀት ዘማቹን ከወንበዴው ትለየዋለችን? በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስለ ነበሩት ባለፈቃድ ማራኪ መርከቦች

የባሕር መዝገብ፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ አሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስንጨዋወት ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ከሌክሲንግተን እስከ ዮርክታውን በየብስ የተደረገውን ውጊያ ብዙዎቻችን አንብበነዋል፤ በባሕር ላይ ከተዋጉት አሜሪካውያን አብዛኞቹ የባሕር ኃይል ወታደሮች እንዳልነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች በንግድ መርከብ ላይ መድፍ ጭነው፣ ከመንግሥት አንዲት ወረቀት ተቀብለው፣ የእንግሊዝን መርከብ ማርከው ዋጋዋን ለመካፈል ከወደብ የወጡ የግል ሰዎች ነበሩ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። እንግሊዞች ፕራይቬቲር የሚሉትን «የባሕር ወንበዴ» ብሎ መተርጎም በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ይመስለኛል። በዘመኑ ሕግ ወንበዴ ሲያዝ ይሰቀል ነበር፤ ፕራይቬቲር ሲያዝ ግን እንደ ጦር ምርኮኛ መቆጠር ነበረበት። ስለዚህ ሰውየውን «ባለፈቃድ ማራኪ»፣ ወረቀቱን ደግሞ «የምርኮ ፈቃድ» እለዋለሁ። «ምርኮ» የሚለው ቃላችን ሰውንም ዕቃንም በአንድነት ስለሚይዝ ለዚህ ነገር የተሰፋ ልብስ ይመስላል። የተሻለ ቃል ያለው ቢያካፍለን ደስ ይለኛል።

የምርኮ ፈቃድ በሕግ መሰጠት የተጀመረው በማሳቹሴትስ ሲሆን፣ የአገሩ ምክር ቤት ሕጉን ያወጣው ኖቬምበር 1 ቀን 1775 ነበር። የአህጉሩ ኮንግረስ፣ ማለትም ያመፁት ክፍለ አገሮች የጋራ ጉባኤ፣ ማርች 23 ቀን 1776 ፈቀደ፤ ኤፕሪል 3 ቀን ደግሞ ለካፒቴኖቹ የሚሰጠውን መመሪያ አጸደቀ። ልብ በሉ፣ የነጻነት አዋጁ የታወጀው ከዚህ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ገና «አገር ነኝ» ያላለ አካል፣ አገር ብቻ ሊሰጠው የሚችለውን ሰነድ ማደል ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ሰነዱ እንዲሁ የሚታደል አልነበረም። ባለመርከቡ እስከ 100 ቶን ለምትደርስ መርከብ 5,000 ዶላር፣ ከዚያ ለምትበልጠው 10,000 ዶላር ዋስትና ይፈርማል፤ ካፒቴኑ መመሪያውን ቢጥስ ዋስትናው ይወረሳል። መመሪያው እጁን የሰጠን ሰው መግደልንና ማሠቃየትን ይከለክላል፤ የተማረከችው መርከብ ወደ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ያዛል፤ ከመርከቧ ሰዎች ቢያንስ ሲሶው የባሕር ልምድ የሌላቸው የየብስ ሰዎች እንዲሆኑም ይጠይቃል። የመጨረሻው ድንጋጌ የሠለጠኑት መርከበኞች በሙሉ ወደ ማራኪዎቹ ተጠራርገው እንዳይሄዱ የታሰበ ይመስላል፤ ይሳካ አይሳካ በኋላ እንወያይበታለን። ኮንግረሱ ብቻውን ወደ 1,700 የሚጠጉ ፈቃዶችን ሰጥቷል፤ ክፍለ አገሮቹ በየፊናቸው የሰጡት ሲታከልበት ቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያቺ ወረቀት በእርግጥ ምን ሠራች? ሌብነትን በማኅተም አስጌጠች እንጂ ምንም አልለወጠችም የሚል ሰው ካለ ክርክሩን መስማት እፈልጋለሁ፤ ጦርነቱን ያሸነፈችው እርሷ ናት የሚል ካለም እንዲሁ።

ነጋድራስ፦

ርእሱን ስላነሡልን አመሰግናለሁ፤ «ባለፈቃድ ማራኪ» የሚለውንም ተቀብያለሁ። ወረቀቷ ምን ሠራች ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ገንዘብን ከካዝና አውጥታ ወደ ባሕር ሰደደች። ነጋዴ ሀብቱን በጦርነት ላይ የሚያውለው ትርፉ በሕግ እንደሚጸናለት ሲያምን ነው። ያለ ፈቃድ የተያዘች መርከብ የትም ወደብ ብትገባ የተሰረቀ ዕቃ ናት፤ በፈቃድ የተያዘችው ግን ፍርድ ቤት ወስኖባት፣ በጨረታ ተሸጣ፣ ገዢው ሰነድ ይዞ የሚያዝባት ንብረት ትሆናለች።

ባለፈቃዶቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውንም መጨመር ይገባል። አንደኛዋ መርከብ ጭነቷን ይዛ ለንግድ ትሄዳለች፤ መርከበኞቿ ደመወዝ አላቸው፤ በመንገዷ ደካማ የእንግሊዝ መርከብ ካጋጠማት ግን ፈቃዱ ስላላት ትማርካለች። ሁለተኛዋ ምንም ጭነት ሳትይዝ ለአደን ብቻ የምትወጣ ናት፤ በእርሷ ላይ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ከምርኮው ዋጋ በተለመደው አሠራር ግማሹ ለባለመርከቦቹ ሲሆን ቀሪው ለመርከቧ ሰዎች በድርሻ ይከፋፈላል፤ ካፒቴኑ ብዙ ድርሻ፣ ተራው መርከበኛ አንድ፣ ልጁ ደግሞ ግማሽ ድርሻ ያገኛል። ውሉ ላይ የጠላትን ሸራ አስቀድሞ ላየ ሰው፣ በጠላት መርከብ ላይ ቀድሞ ለዘለለ ሰው፣ እጅ ወይም እግሩን ላጣ ሰው የሚሰጠው ጉርሻና ካሣ ተለይቶ ይጻፍ ነበር። ድርሻው ገና መርከቧ ሳትነሣ ይሸጥና ይገዛ ስለ ነበር፣ ቦስተን ውስጥ የተቀመጠ ባለሱቅ ባሕር ሳይረግጥ የሁለትና የሦስት መርከበኞች ዕድል ባለቤት ሊሆን ይችል ነበር።

ከዚህ ጋር የመንግሥቱን የባሕር ኃይል አነጻጽሩት። ኮንግረሱ መጀመሪያ ላይ ለባሕር ኃይሉ ሰዎች ከማረኩት የንግድ መርከብ የሰጣቸው ሲሶውን ብቻ ነበር፤ በኦክቶበር 1776 ወደ ግማሽ ከፍ አደረገው። ያም ሆኖ የባሕር ኃይሉ ጅራፍና ረጅም የአገልግሎት ውል ነበረው፤ የባለፈቃዱ መርከብ ግን ጥቂት ወር ወጥቶ መመለስ ነበር። ወጣቱ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም።

በእንግሊዝ በኩል የደረሰው ጉዳትም ቀላል አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1778 በለንደን የጌቶች ምክር ቤት ፊት የቀረበ የነጋዴዎች ምስክርነት እስከዚያ ጊዜ ድረስ 733 የእንግሊዝ መርከቦች በአሜሪካውያን እንደ ተያዙ፣ ከእነርሱም የተለቀቁትና መልሰው የተወሰዱት ሲቀነሱ 559 ያህሉ ጠፍተው እንደ ቀሩ ገልጿል። ፈረንሳይ ገና በጦርነቱ ውስጥ ባልገባችበት ጊዜ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። የካሪቢያን ስኳር የሚያመላልሱ መርከቦች የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፤ ነጋዴዎቹም በጦር መርከብ ካልታጀብን አንወጣም አሉ። አጃቢ የሆነች እያንዳንዷ የጦር መርከብ ደግሞ የአሜሪካን ወደብ ከመዝጋት ሥራ የተቀነሰች መርከብ ናት።

ለሁሉም ሰው ግን እንጀራ አልሆነም። የሳሌሙ ኤልያስ ሃስኬት ደርቢና የቤቨርሊው የካቦት ቤተሰብ ሲከብሩ፣ ጄኔራል ናትናኤል ግሪን በዚሁ ሥራ ያዋለውን ገንዘብ አክስሮ ቀርቷል።

ጀማሪ አንባቢ፦

ይቅርታ፣ ምናልባት የልጅ ጥያቄ ይሆንብኛል። ከወደብ ብዙ ርቆ በባሕር መካከል የተያዘች መርከብ እንዴት ወደ አሜሪካ ትደርሳለች? ማራኪዎቹስ የማረኩትን ከፍርድ ቤት በፊት ተካፍለው ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል?

የባሕር መዝገብ፦

የልጅ ጥያቄ አይደለም፤ የሥራው ሁሉ ማጠፊያ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካፒቴኑ ከራሱ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹን፣ አንዳንድ ጊዜ አሥር ያህል፣ መርጦ በተማረከችው መርከብ ላይ ያሳፍራል፤ እነርሱም ወደ ወዳጅ ወደብ ይነዷታል። መርከቢቱ በከፍተኛ የሰው ቁጥር ተጨናንቃ ከወደብ የምትወጣው ለዚህ ነው፤ አራትና አምስት ምርኮ ከላከች በኋላ የራሷን መድፍ የሚተኩስላት ሰው እንኳ ሊያጥራት ይችላል። ብዙ ምርኮዎች በመመለሻው መንገድ ላይ ፍሪጌት በሚባሉት ፈጣን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች እጅ እንደ ገና ይወድቁ ነበር፤ አብረዋቸው የነበሩት ወጣቶችም ወደ እስር ይወርዳሉ።

ወደብ የደረሰችው መርከብ በባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ክስ ይመሠረትባታል። ክሱ በመርከቢቱ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ ተከሳሿ መርከቢቱና ጭነቷ ናቸው። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፤ «ንብረቱ የእኔ ነው» ወይም «የገለልተኛ አገር ነው» የሚል ሰው ቀርቦ ይከራከራል፤ የመርከቢቱ ሰነዶች ይመረመራሉ። ምርኮነቷ ከተረጋገጠ የፍርድ ቤቱ መኮንን በጨረታ ይሸጣታል፤ ወጪና ክፍያ ተቀንሶ ቀሪው ይከፋፈላል። ቀድሞ የተካፈለ ካፒቴን ዋስትናውን ያጣል፤ የራሱ መርከበኞችም ድርሻቸው ተነካ ብለው ይከሱታል። ከሁሉ የበለጠው ጠባቂ ይኸኛው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ድርሻ ያለው ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

እንግሊዞች ይዘዋት ቆይተው አሜሪካውያን መልሰው የወሰዷት የአሜሪካ መርከብ ደግሞ ለባለቤቷ ትመለሳለች፤ ያዳኗት ሰዎች የሚያገኙት ዋጋ ግን በሰዓት የሚቆጠር ነበር። በዲሴምበር 1775 የወጣው ደንብ እንደሚለው በጠላት እጅ ከ24 ሰዓት በታች ከቆየች ስምንተኛው፣ እስከ 48 ሰዓት ከሆነ አምስተኛው፣ እስከ 96 ሰዓት ሲሶው፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ግማሹ ለአዳኞቹ ነው። በዚህ ምክንያት «በስንት ሰዓት ነው የተያዘችው?» የሚል ጥያቄ በየችሎቱ የብዙ ገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ነበር።

የበረሃ መብራት፦

ወንድሜ ነጋድራስ የሒሳቡን አንድ ገጽ ብቻ ገልጠው ስላሳዩን ሌላውን ገጽ ልግለጥ። እውነት ነው፣ እንግሊዝ ከስራለች፤ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ግን ከእርሷ ይልቅ ከስሯል። ለባሕር ኃይሉ የተሠሩት ዋረንና ፕሮቪደንስ የተባሉት ፍሪጌቶች በሮድ አይላንድ ወደብ ታስረው የከረሙት አንዱ ምክንያት የሚያሳፍሯቸው ሰው አለመገኘቱ ነበር። በዚያው ወደብ ባለፈቃድ መርከቦች ሰው ሞልተው ይወጡ ነበር። አዛዡ ኢሴክ ሆፕኪንስ ደጋግሞ አመለከተ፤ የሚሰማው አላገኘም፤ የሚሰሙት ሹማምንት ብዙዎቹ ራሳቸው በመርከቦቹ ላይ ድርሻ ነበራቸውና። የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ የሆነው የኒው ሃምፕሻየሩ ዊልያም ዊፕል በ1778 ለጆሳያ ባርትሌት በጻፈው ደብዳቤ ይህ ሥራ ሕዝቡን ለቅንጦትና ለብክነት የሚዳርግ፣ ምግባሩንም የሚያበላሽ እንደ ሆነ አምርሮ ገልጿል። ዊፕል ራሱ የመርከብ ካፒቴን የነበረ ሰው ስለ ሆነ መርከበኛን አያውቅም ተብሎ አይታማም።

መርከቦቹ በአንድነት እንዲዋጉ ሲጠየቁ የሆነውን ደግሞ በፔኖብስኮት ተመልከቱ። በጁላይ 1779 ማሳቹሴትስ ዛሬ ሜይን በሚባለው ጠረፍ ላይ እንግሊዞች የጀመሩትን ምሽግ ለማፍረስ ከ40 የማያንሱ መርከቦችን ላከች። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የጦር መርከቦች ባለፈቃድ ማራኪዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውም ኪሳራ ቢደርስ መንግሥት ይክፈለን ብለው ቃል አስገብተው ነው የሰጧቸው። አዛዡ ዳድሊ ሳልተንስቶል በዚያችው ሰው ባጣችው በዋረን ላይ ነበር። በምሽጉ ውስጥ ከነበሩት ከ700 ያህል እንግሊዛውያንና በወደቡ ካሉት ከሦስት ትንንሽ የጦር መርከቦች ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲመክሩ፣ ሲከራከሩ፣ «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ቆዩ። መርከቧ የራሱ የሆነች ሰው ጥርስ ባለው ምሽግ ላይ አይነዳትም፤ ይህ ፈሪነት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ኦገስት 13 ቀን የእንግሊዙ አዛዥ የጆርጅ ኮሊየር የመርከቦች ቡድን ከባሕር ሲመጣ ሁሉም ወደ ወንዙ ሽሽት ጀመረ። መርከቦቹ ወይ ተማረኩ ወይ በገዛ ሰዎቻቸው ተቃጠሉ፤ ዋረንም ተቃጠለች፤ ወታደሩ በጫካ ውስጥ በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የታሪኩ ቅመም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሳልተንስቶል በጦር ፍርድ ቤት ከባሕር ኃይሉ ተሰናበተ። ምን ሠራ? ባለፈቃድ ማራኪ ሆነ! በ1781 ሚነርቫ በተባለች መርከብ ሃና የተባለችውን በሸቀጥ የተሞላች የእንግሊዝ መርከብ ማርኮ ኒው ለንደን ወደብ አስገባ፤ ከጦርነቱ ዘመን ውድ ምርኮዎች አንዷ ነበረች። ለአገሩ ሲዋጋ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ለድርሻው ሲዋጋ አንበሳ ሆነ። እንግሊዞችም ከተማዪቱን ለመበቀል በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 6 ቀን ከድቶ የገባላቸውን ቤኔዲክት አርኖልድን ልከው ኒው ለንደንን አቃጠሏት። ትርፉ ለባለድርሻው፣ እሳቱ ለከተማው።

ነጋድራስ፦

የፔኖብስኮትን ነገር አልክድም፤ ሳልተንስቶልንም አልከላከልም። ነገር ግን «ማራኪዎቹ ባይኖሩ የባሕር ኃይሉ ይበረታ ነበር» የሚለው ግምት ያጠራጥረኛል። ኮንግረሱ በዲሴምበር 1775 ካዘዛቸው 13 ፍሪጌቶች አንዷም ጦርነቱን በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር አልጨረሰችም፤ አንዳንዶቹ ተማረኩ፣ አንዳንዶቹ ገና ባሕር ሳይነኩ በወንዝ ላይ ተቃጠሉ። ራንዶልፍ የተባለችው በማርች 1778 ያርማውዝ ከተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጋር ስትዋጋ ፈንድታ ከ300 በላይ ሰዎች ሲያልቁ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ኃይል ሌላ ሺህ ሰው ቢጨመርለት የእንግሊዝን መንግሥት የባሕር ኃይል ፊት ለፊት ይገጥም ነበርን? ያን ያደረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1781 በቼሳፒክ አፍ የፈረንሳዩ አድሚራል የደ ግራስ 24 ታላላቅ የጦር መርከቦች የእንግሊዙን አድሚራል የግሬቭስን 19 መርከቦች መልሰው የእንግሊዙን ጄኔራል ኮርንዋሊስን በዮርክታውን ባያስሩት ኖሮ፣ ማራኪም ሆነ ፍሪጌት ያን ሥራ አይሠራውም ነበር። ማራኪ በር አይዘጋም፤ ኪስ ይቀዳል። እኔም ከዚህ የበለጠ አላልኩም።

ለነገሩ ዋሽንግተን ራሱ ቦስተንን ከብቦ ባሩድና ጠመንጃ ባጠረው ጊዜ ያዳነው ባለፈቃድ ማራኪ አልነበረምን? በኖቬምበር 1775 ጆን ማንሊ «ሊ» በተባለችው ስኩነር (ትንሽ ባለሸራ መርከብ) ናንሲ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ ሲማርክ 2,000 ጠመንጃና አንድ ግዙፍ የነሐስ ሞርታር (አጭር መድፍ) ይዞ ነበር የገባው።

የሕግ ነገር፦

ክቡር ነጋድራስ፣ አንድ እርማት ይፍቀዱልኝ። «ሊ» ባለፈቃድ ማራኪ አልነበረችም። ዋሽንግተን በጦር አዛዥነቱ ሥልጣን ከቤቨርሊና ከማርብልሄድ አካባቢ የተከራያቸው ስኩነሮች ነበሩ፤ ሰዎቻቸውም ከሠራዊቱ የተውጣጡ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ከምርኮውም ሲሶ የሚደርሳቸው ወታደሮች ናቸው። ብዙ ሰው ጆን ፖል ጆንስንም እንዲሁ ከማራኪዎቹ ጋር ይደባልቀዋል፤ ጆንስ ግን ሴራፒስ የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ በማረከበት በሴፕቴምበር 23 ቀን 1779ም ሆነ ከዚያ በፊት የኮንግረሱ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እንግሊዞች ወንበዴ ይሉት የነበረው ሹመቱን የሰጠውን አካል ስለማያውቁት ነው።

የዚህን ክር ጥያቄም የማየው ከዚህ በኩል ነው። ወረቀት የሚሠራው አንባቢው ጸሐፊውን ሲያውቀው ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በማርች 1777 ባወጣው ሕግ በባሕር ላይ የተያዙ አሜሪካውያን በወንበዴነት ወይም በአገር ክህደት ተጠርጥረው ያለ ፍርድ እንዲታሰሩ ፈቀደ፤ ሕጉም በየዓመቱ ይታደስ ነበር። እንደ ጦር ምርኮኛ ቢቆጥሯቸው አሜሪካን እንደ ተዋጊ አገር መቁጠር ይሆንባቸዋል፤ እንደ ወንበዴ ቢሰቅሏቸው ደግሞ በአሜሪካ እጅ ያሉት እንግሊዛውያን አጸፋው ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ሳይሰቅሉም ሳይለውጡም፣ በፕሊመዝ አጠገብ «ሚል»፣ በፖርትስመዝ አጠገብ «ፎርተን» በተባሉት እስር ቤቶች አቆዩአቸው። በሕጋቸው የጦር ምርኮኞች የተባሉት በ1782 ነው።

በፓሪስ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እስረኛ በእስረኛ ለመለወጥ ሲለምን ስለ ከረመ በ1779 ብላክ ፕሪንስ ለተባለች መርከብ፣ ቀጥሎም ለሁለት ሌሎች ፈቃድ ሰጠ። ዓላማው ሸቀጥ አልነበረም፤ የሚለወጡ እንግሊዛውያንን ማግኘት ነበር። በመርከቦቹ ላይ የነበሩት ግን አብዛኞቹ የአየርላንድ ኮንትሮባንዲስቶች ናቸው። ከመቶ በላይ መርከቦች ያዙ፤ ያመጡት የሰው ቁጥር ግን ፍራንክሊንን አላረካውም፤ መርከብ እንጂ ሰው ለእነርሱ አይሸጥምና። በመጨረሻ የገለልተኛ አገር መርከብ ይዘው ፈረንሳይን ስላስቀየሙ በ1780 ፈቃዳቸው ተሻረ። ከአለቆቻቸው አንዱ የደብሊን አካባቢ ተወላጅ ሉክ ራያን ኋላ በፈረንሳይ ፈቃድ ሲሠራ ተይዞ ለንደን ላይ እንደ ወንበዴ ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም «የተወለድከው የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ሆነህ ነው፤ የሌላ ንጉሥ ወረቀት አያድንህም» በሚል መንፈስ ሞት ፈረደበት። ፍርዱ ሳይፈጸምበት በኋላ ተፈታ።

የብሩክሊን ሰው፦

ይህን ክር ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የምኖረው ከፎርት ግሪን መናፈሻ ብዙም ሳይርቅ ነውና። በኮረብታው ላይ ቁመቱ 149 ጫማ የሆነ አንድ የድንጋይ ዓምድ አለ፤ በ1908 የተመረቀ ነው። ሰው ሁሉ በሥሩ እየሮጠ ያልፋል፤ እኔም ለዓመታት የጦር ጄኔራል ሐውልት ይመስለኝ ነበር። ከዓምዱ በታች በመቃብር ክፍል ያረፈው ግን በኒው ዮርክ ወደብ ውስጥ በእስር መርከቦች ላይ የሞቱ ሰዎች አጥንት ነው።

ከእነዚያ መርከቦች ስሟ የገነነው ጀርሲ ናት፤ ድሮ 60 መድፍ የምትሸከም የጦር መርከብ ነበረች፤ ተራዳዋ ተነቅሎ፣ የመድፍ መስኮቶቿ ተደፍነው፣ በዋላባውት የባሕር ወሽመጥ ጭቃ ላይ ታስራ ቀረች። በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ ሰው ታጭቆባት ነበር፤ አብዛኞቹም እናንተ የምትነጋገሩባቸው ማራኪዎች ናቸው። በፈንጣጣ፣ በተቅማጥና በታይፈስ በየሌሊቱ ይሞታሉ፤ በየጠዋቱ የሞቱት ተለይተው በባሕሩ ዳር በአሸዋ ይቀበራሉ። በኒው ዮርክ የእስር መርከቦች የሞቱት በልማድ ወደ 11,500 ይገመታሉ፤ በውጊያ ላይ የሞቱት አሜሪካውያን ግን ወደ 6,800 ናቸው። ለንጉሡ የባሕር ኃይል እገባለሁ ያለ ሰው ወዲያው ይፈታ ነበር፤ የሚበዙት እንቢ ብለዋል። ዋሽንግተን ደግሞ የተማረከን እንግሊዛዊ ወታደር በግል መርከበኛ መለወጥ የጠላትን ጦር ማጠናከር ስለሚሆንበት አይወደውም ነበር። ማራኪው በደጉ ጊዜ ያተረፈበት «የግል» መሆን፣ በእስር ጊዜ ወገን የሌለው አደረገው።

ከእነርሱ መካከል አንዱን ልጥቀስ። ጄምስ ፎርተን በፊላደልፊያ ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ልጅ ነበር፤ በ1781 ገና 14 ዓመቱ ሳለ ሮያል ሉዊስ በተባለች ባለፈቃድ መርከብ ላይ ባሩድ አቀባይ ሆኖ ገባ። መርከቧ አምፊዮን በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ስትማረክ ልጁን ያስፈራው እስር አልነበረም፤ ጥቁር ምርኮኛ ወደ ካሪቢያን ተወስዶ ሊሸጥ ይችል ነበርና። የአምፊዮን ካፒቴን ልጅ ግን በብይ ጨዋታ ወዳጁ ሆነ፤ ካፒቴኑም ወደ እንግሊዝ ወስዶ ሊያስተምረው ጠየቀው። ፎርተን አገሬን አልከዳም ብሎ እንቢ አለና ወደ ጀርሲ ተላከ። በዚያ ሰባት ወር ያህል ቆየ፤ አንድ ጊዜ በሣጥን ውስጥ ተደብቆ ማምለጥ ሲችል ዕድሉን ለታናሹ ነጭ ልጅ ለቀቀለት። በኋላ በፊላደልፊያ ሸራ ሠሪ ሆኖ ታላቅ ሀብት አፈራ፤ ገንዘቡንም ባርነትን ለመታገል አዋለው።

እናንተ «ምርኮ ሰውንም ዕቃንም ይይዛል» ስትሉ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በ1776 በሳሌም ወደብ በምርኮ መርከብ ላይ የመጡ ሁለት ጥቁር ሰዎች እንደ ጭነቱ ሁሉ በጨረታ ሊሸጡ ማስታወቂያ ወጥቶባቸው ነበር። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በሴፕቴምበር ሽያጩን ከለከለ።

የበረሃ መብራት፦

የብሩክሊን ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀደም ሲል «ትርፉ ለባለድርሻው» ብዬ ስጽፍ እነዚህን ሰዎች ረስቼ ነበር፤ ባለድርሻ ያልኩት ባለመርከቡን እንጂ ግማሽ ድርሻ ያለውን ልጅ እንዳልሆነ ይቆጠርልኝ።

ጀማሪ አንባቢ፦

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብጠይቅ። የክፍለ አገሩ ፍርድ ቤት የፈረደውን ያልተቀበለ ሰው ወደ ማን ይግባኝ ይላል? በዚያን ጊዜ የበላይ ፍርድ ቤት አልነበረምና።

የሕግ ነገር፦

ወደ ኮንግረሱ የይግባኝ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ክፍለ አገሩ ይሰማው እንደ ሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። የኮነቲከቱ ጊዲየን ኦልምስቴድና ሦስት ጓደኞቹ በጃማይካ ምርኮኛ ሳሉ አክቲቭ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ እየሠሩ ወደ ኒው ዮርክ እንዲሄዱ ተደረገ። በሴፕቴምበር 1778 ሌሊት ተነሥተው እንግሊዛውያኑን ከታች ቆልፈው መርከቢቱን ያዙ፤ ወደ ወዳጅ ወደብ ሲያመሩ የፔንስልቬኒያ የጦር መርከብ ኮንቬንሽን ደረሰችና «የማረክናት እኛ ነን» አለች። የፊላደልፊያ ፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ለአራቱ ሰዎች የሰጣቸው ሩቡን ብቻ ነው። ይግባኙን በገንዘብ የደገፈላቸው፣ የትርፉም ተካፋይ ለመሆን የተዋዋለው፣ የበረሃ መብራት የጠቀሱት ቤኔዲክት አርኖልድ ነበር፤ ገና አልከዳም። የኮንግረሱ ኮሚቴ በዲሴምበር ሙሉውን ለኦልምስቴድ ፈረደለት፤ ፔንስልቬኒያ ግን «የእኛን ጁሪ ማንም አይሽርም» ብላ ገንዘቡን በግምጃ ቤት ኃላፊዋ በዴቪድ ሪተንሃውስ እጅ አቆየችው። ሪተንሃውስ ሞተ፤ ገንዘቡ ለሴቶች ልጆቹ ተላለፈ። በ1809 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ክፍለ አገር የፌዴራል ፍርድን ሊሽር አይችልም ብሎ ሲወስን፣ ገዥው ፍርዱን ሊያስፈጽም የመጣውን መኮንን በሚሊሺያ አስከለከለው። የሚሊሺያው አዛዥ ታስሮ ተፈርዶበት በፕሬዚዳንት ማዲሰን ምሕረት ተደረገለት፤ ኦልምስቴድም መርከቢቱን ከማረከ ከ30 ዓመት በኋላ ገንዘቡን አገኘ።

የባሕር መዝገብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ የራሴን ሐሳብ ላካፍል ብዬ ጉስታቩስ ካኒንግሃምን አስቀርቼ ነበር።

ካኒንግሃም በአየርላንድ ተወልዶ በፊላደልፊያ ያደገ መርከበኛ ነው። በፓሪስ የነበሩት የአሜሪካ መልእክተኞች ኮንግረሱ ፈርሞ ከላካቸው ባዶ ፎርሞች አንዱን በማርች 1 ቀን 1777 ሞልተው ሾሙት። በሜይ ከፈረንሳይ ወደብ ከዳንከርክ ሰርፕራይዝ በምትባል መርከብ ወጥቶ የእንግሊዝን የፖስታ መርከብ ማርኮ ተመለሰ። እንግሊዝ አጥብቃ ስትቃወም ፈረንሳይ ገና ጦርነት ስላልፈለገች አሰረችው፤ ወረቀቱንም ወሰደችበት። ሁለተኛ ፈቃድ ተሰጥቶት ሪቬንጅ በምትባል መርከብ ወጣና ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በእንግሊዝ ዙሪያና በስፔን ጠረፍ መርከቦችን ሲማርክ ቆየ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች «የዳንከርክ ወንበዴ» ይሉት ነበር። በ1779 ሲያዝ የመጀመሪያውን ወረቀት አሳይ ቢሉት የለውም። በሰንሰለት አስረው ወደ እንግሊዝ ወሰዱት፤ ከ«ሚል» እስር ቤትም አመለጠ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ካኒንግሃም ያልተከፈለውን ደመወዝና የምርኮ ድርሻውን ከኮንግረሱ ጠየቀ። መልሱ ሹመትዎን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ያቅርቡ የሚል ነበር። ፍራንክሊን ወረቀቱን እንደ ሰጠው ቢመሰክርለትም አልበቃውም። ሲያመለክት ኖሮ በ1819 በፊላደልፊያ ሞተ። ፈረንሳዮች የወሰዱበት ያ ፈቃድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፓሪስ በአንድ የጥንታዊ ፊርማዎች ነጋዴ ዝርዝር ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ ተገኘ። ፊርማው የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት የነበረው የጆን ሃንኮክ ነበር።